ወንጪ የደረሱት ሣጥኖች

ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው የስልክ መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲጀመር ዘመኑ የአፄ ምኒልክ ነበር። መስመሩ 477 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ባለቤቱ ሳይታይ ድምፅ ብቻ ከሣጥን ሲወጣ የሰሙ ካህናት «ይህስ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው አቤት ማለታቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱም ስልኩን አላስነሣም ብለው መጽናታቸው ከአባት ወደ ልጅ ሲተረክ ኖሯል። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ለሣቅ ነው። የካህናቱ ጥያቄ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ «ይህን የሚናገረው ማን ነው?» ማለታቸው ነበር። በዚያ ዘመን መልሱ አያስቸግርም፤ ከሽቦው ማዶ ሰው አለ።

ከድምፁ ማዶ ሰው የማይኖርበት ዘመን መጀመሪያ የታየው በቴአትር መድረክ ላይ ነው። ካሬል ቻፔክ የተባለ የቼክ ጸሐፌ ተውኔት በፋብሪካ ስለሚመረቱ ሠራተኞች የጻፈው ድራማ እ.ኤ.አ. በ1920 ታትሞ በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር ፕራግ ላይ ታየ። ለፍጡራኑ «ሮቦት» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። መነሻው «ሮቦታ» የሚለው ቃል ሲሆን፣ ባላባት በጭሰኛው ላይ የሚጥለውን የግዴታ ሥራ ያመለክታል። የሸዋ ገበሬ ቢጠየቅ ሳይቸገር «ሁዳድ ማረስ ማለት ነዋ» ብሎ በተረጎመው ነበር።

ለብዙ አሥርት ዓመታትም ሮቦት ከሁዳድ አልወጣም። ብረት በየደ፣ መኪና ገጣጠመ፣ ከባድ ዕቃ አነሣ። ማኅበራዊ ሮቦት የሚባለው ከዚህ ይለያል፤ ሥራው ከሰው ጋር መሆን ነው። ዐይን ለዐይን ያያል፣ ተራውን ጠብቆ ይናገራል፣ በስም ይጠራል፣ ያጫውታል፣ ያስተምራል። ጉልበት የሚጠይቅ ነገር የለውም። የሚጠይቀው ሰው ልቡን እንዲሰጠው ነው፤ ሰው ደግሞ ልቡን ለዕቃ ለመስጠት ምን ያህል እንደሚቸኩል ሮቦቱ ገና አካል ሳያወጣ ታወቀ።

እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው የኤምአይቲ ተቋም ፕሮፌሰር ጆሴፍ ዋይዘንባም «ኢላይዛ» የተባለች የኮምፒውተር ፕሮግራም አስተዋወቁ። ኢላይዛ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። የተጻፈላትን ዐረፍተ ነገር ገልብጣ ጥያቄ አድርጋ ትመልሳለች፤ ስለ እናቱ ለጻፈ ሰው ስለ ቤተሰቡ እንዲነግራት ትጋብዛለች፣ አዝኛለሁ ላለ ለምን እንዳዘነ ትጠይቃለች። ፕሮግራሙ ለወራት ሲሠራ ያየችው የፕሮፌሰሩ ጸሐፊ አንድ ቀን ከኢላይዛ ጋር ጥቂት ከተመላለሰች በኋላ ወደ አለቃዋ ዞር ብላ ከክፍሉ እንዲወጡላት ለመነቻቸው፤ ብቻዋን ልታወራ ፈልጋ ነው። ዋይዘንባም በዚህ እጅግ ደነገጡ። የቀረውን ዕድሜያቸውንም ሰው ለማሽን ምን መስጠት እንደሌለበት በመሟገት አሳለፉ።

በዚያው ዘመን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አምቦ የምትታወቀው በሌላ ነበር። የማዕድን ውሃዋ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ይወጣል፤ በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤቷም ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሚሆነውን ዘር ይዟል። በከተማዋም ሆነ በጉደር፣ በግንጪና በአዲስ ዓለም ሰው ሳይኖር የሚናገር ዕቃ ቢኖር ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ደግሞ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ምስጢሩን አልነገረውም።

የሚሰማ ዕቃ ለመሥራት ከልብ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። እዚያው ኤምአይቲ ውስጥ ሲንቲያ ብሪዚል የተባሉ ወጣት ተመራማሪ «ኪስሜት» የሚባል ሮቦት ሠሩ። ኪስሜት ራስ ብቻ ነው። ትልልቅ ዐይኖች፣ የሚነሣና የሚወድቅ ቅንድብ፣ እንደ እንስሳ የሚቆምና የሚተኛ ጆሮ፣ ቀይ ከንፈር አለው። ቃል አያውቅም፤ እንደ ሕፃን ይንተባተባል። የሚለየው የድምፅን ቃና ነው፦ ሲያሞግሱት፣ ሲቆጡት፣ ሲጠሩት፣ ሲያባብሉት። የቁጣ ቃና ሲሰማ ጆሮውን ጥሎ ያቀረቅራል፤ የሙገሳ ሲሰማ ፊቱ ይፈካል። እንግሊዝኛ ከሚናገሩት ሌላ ሩሲያኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ኢንዶኔዥያኛ ተናጋሪዎች በየቋንቋቸው እንዲያናግሩት ተደርጎ ተፈተነ፤ ቃላቱ ቢለያዩም የቁጣና የማባበል ዜማ ብዙም አይለያይምና ለየው። አንዲት የአምቦ እናት ልጇን የምታባብልበትን ድምፅ ብታሰማው ኖሮ ኪስሜት ፊቱን ወደ እርሷ ያዞር ነበር ብሎ መናገር ማጋነን አይሆንም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ቋንቋ ሳይመርጥ ሰውን የሰማ ማሽን ቢኖር ይህ ቃል የማያውቀው ራስ ነው።

ጃፓን ውስጥ ነገሩ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ገበያ ገባ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1999 «አይቦ» የተባለውን ሮቦት ውሻ ሸጠ። በ2005 ደግሞ የባሕር እንስሳ ግልገል የሚመስለው፣ ነጭ ፀጉር ለባሹ «ፓሮ» በተለይ የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ማጫወቻ ሆኖ ቀረበ። ሲዳብሱት ይንቀሳቀሳል፣ ሲጠሩት ይዞራል። ብዙ አረጋውያን ተረጋጉበት። ሶኒ የአይቦን ጥገና ሲያቆም ባለቤቶቹ የተበላሹ ውሾቻቸውን ወደ ቡድሃ ቤተ መቅደስ ወስደው ጸሎተ ፍትሐት አስደረጉላቸው። ይህን የሰማ የሸዋ ሰው ይገረም ይሆናል፤ አብሮ ያረጀ በሬ ሲሞት ያለቀሰ ገበሬ ግን ነገሩ ከምን እንደሚመጣ አይጠፋውም።

አምቦና ጎረቤቶቿ በሰው ቦታ የቆመ ማሽን በዐይናቸው ያዩት ግን በአሻንጉሊት መልክ አልነበረም። በአስተማሪ መልክ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ ትልልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተሰቀሉ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ዜጋ፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ዕቅዱ የተነሣው ከእውነተኛ ችግር ነው። ትምህርት ቤት በፍጥነት እየተስፋፋ የሠለጠነ መምህር ግን አልተዳረሰም ነበርና፣ የገጠሩ ልጅ የአዲስ አበባው ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት በእኩል ሰዓት እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ሐሳቡ ክቡር ነበር። የተማሪውም ቃል «ፕላዝማ» ብቻ ሆነ፦ «ፕላዝማ ገባ»፣ «ፕላዝማ አመለጠኝ»።

ፕላዝማው ሲጀምር የክፍሉ መምህር ጥግ ይይዝ ነበር። የእርሱ ድርሻ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማሟሟቅ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ነው። በመካከል በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለመልስ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ «በጣም ጥሩ» ብሎ ይቀጥላል። ክፍሉ መለሰም አልመለሰም ያው ነው። ገና ከአፋን ኦሮሞ ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንዱን ቃል ጽፎ ሳይጨርስ ስክሪኑ ሦስት ገጽ ያልፋል። እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል፤ አይደገምም፣ ሳተላይቱ ወደ ነገው ይሄዳል። ጥግ የያዘውም መምህር ቢሆን በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆነ። የትውልዱን ትዝታ ያዳመጠ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሰማው ቅሬታ ስለ ፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነት ሲሉ ግን «አልጠበቀንም» ማለታቸው ነው። ሰው የሆነ አስተማሪ የተማሪውን ፊት አይቶ ያዘግማል። ኪስሜት እንኳ ፊት ያይ ነበር።

ሁለቱ ታሪኮች፣ የኤምአይቲውና የሸዋው፣ በ2004 ዓ.ም. በአንድ ተራራ ላይ ተገናኙ።

ወንጪ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ዛሬ የሚቆጠረው በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ነው። የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ፣ በሐይቁ መካከል የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት፣ ዙሪያውን ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ብርዳማ ደጋ። የዚያን ዓመት ወደዚህ ደጋ የታሸጉ ሣጥኖች መጡ። ያመጣቸው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረቱት፣ «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በሚል መርሕ የሚታወቀው ድርጅት ነበር። አብረውት ከነበሩት ተመራማሪዎች መካከል የንባብ ሊቋ ሜሪያን ዎልፍና የኪስሜት ፈጣሪ ሲንቲያ ብሪዚል ይገኙበታል። ሁለተኛው መንደር በስምጥ ሸለቆ ያለው ወለንጪቲ ነው። በሁለቱ መንደሮች 40 ያህል ልጆች ተመረጡ፤ ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ፣ በአካባቢያቸው የመንገድ ምልክትም ሆነ ጽሑፍ ያለበት መጠቅለያ እንኳ የማያዩ።

በሣጥኖቹ ውስጥ የነበሩት የሞቶሮላ ታብሌቶች ናቸው። የፊደል ጨዋታ፣ ዘፈን፣ የሥዕል መሣሪያ፣ ተረት ተጭኖባቸዋል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። አዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግን ብቻ ተማሩ። ለልጆቹ አንድ ቃል አልተነገራቸውም። በሳምንት አንድ ጊዜ ባለሙያ እየመጣ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይራል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደነካ፣ ስንት ጊዜ እንደነካ ተመዝግቧል።

ኔግሮፖንቴ ኋላ ሲናገሩ፣ ልጆቹ በሣጥኑ ይጫወታሉ ብለው ጠብቀው ነበር። አንድ ልጅ ግን በ4 ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 መተግበሪያ ይከፍት ጀመር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን በመንደሩ ተሰማ። ከልጆቹ አንዱ የሥዕል መሣሪያውን ከፍቶ በእንግሊዝኛ «አንበሳ» ብሎ ጻፈ። በ5 ወር ደግሞ የተቆለፈውን ሰበሩ፦ የታብሌቱ ካሜራ በአዘጋጆቹ ስሕተት ተዘግቶ ነበርና ልጆቹ መንገዱን ፈልገው ከፈቱት። የስክሪኑ ገጽታ እንዳይቀየርም ተቆልፎ ነበር፤ የሁሉም ግን እንደየባለቤቱ ተለያይቶ ተገኘ።

ወሬው በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በኤምአይቲ የቴክኖሎጂ መጽሔት ላይ ሲወጣ ዓለምን ዞረ። የተነገረውም «ያለ አስተማሪ ራሳቸውን አስተማሩ» እየተባለ ነው። የልጆቹ ብልኅነት ቢወደስ የሚበዛበት አይደለም። ነገር ግን ተራኪዎቹ ራሳቸው የመዘገቡት ነገር ሌላም ያሳያል። ልጆቹ ዛፍ ሥር፣ ጎጆ ውስጥ ተሰብስበው ነው የነካኩት። አንዱ ያገኘውን ለሌላው ያሳያል፤ ቀድሞ ያበራው ላላበራው ያበራለታል። አስተማሪ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው፤ በየመንደሩ ሃያ ያህል አስተማሪዎች ነበሩ፣ ትልልቆቹም ገና አሥር ዓመት ገደማቸው ነበር። በፕላዝማው ክፍል ያጣነው በወንጪ ተገኘ፦ ስክሪኑ ሲነኩት ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ይደግማል፤ በዙሪያውም የሚጠያየቅ ሰው አለ። የብሪዚል ሙያ ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። እርሳቸው ከዓመታት በፊት ጀምሮ የሚሟገቱት ልጅ የሚማረው ከመረጃ ብቻ ሳይሆን ከግንኙነት ነው በሚል ነበር፤ በኋላም ለልጆች ተረት የሚያወሩ፣ የልጁን ፊት እያዩ የሚያዘግሙ ሮቦቶች ሠርተዋል።

ከዓመት በኋላ ብዙዎቹ ልጆች የእንግሊዝኛ ፊደላትን ለይተዋል፣ ጥቂቶቹም ቃላት ማንበብ ጀምረዋል። ሙከራው ትንሽ ነበር፤ 40 ልጅ፣ ማወዳደሪያ ቡድን የሌለው። ይህንም ተቺዎቹ አልሸሸጉም።

አንድ ነገር ግን በወሬው ውስጥ ብዙ ትኩረት አላገኘም። የወንጪ ልጅ አፍ የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። አፋን ኦሮሞ ደግሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። ታብሌቱ ያስተማረው ፊደል እንግዲህ የእናቱ ቋንቋ የሚጻፍበት ራሱ ፊደል ነበር፤ ድምፁ ግን አይገጥምም። ታብሌቱ «ኤክስ» የሚላት ፊደል በቁቤ «ጥ» ናት። «ሲ» የሚላት «ጭ» ናት። «ኪው» የሚላት «ቅ» ናት። ልጁ የቤቱን በር ቁልፍ በእጁ ይዞ ሳለ ቁልፉ የጎረቤት ነው እንደ ተባለ ሰው ሆነ። ያንኑ ፊደል በቋንቋው የሚነግረው ተረት ተጭኖለት ቢሆን ኖሮ ከ«አንበሳ» አስቀድሞ «ሌንጫ» ብሎ በጻፈ ነበር።

ማሽኑ በገበሬው ቋንቋ ሲናገር ምን እንደሚሆን ለማየት ሁለት ዓመት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። በሐምሌ 2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር 8028ን ከፈተ። ሮቦት ብሎ የጠራው የለም፤ ፊትም እጅም የለውም። ገበሬው ማንኛውንም ስልክ አንሥቶ በነፃ ይደውላል፣ ቋንቋ ይመርጣል፣ ቁጥር እየተጫነ ስለ እህሉ ይጠይቃል፤ የተቀዳ ድምፅ ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ ዘር መጠን፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይ ይነግረዋል። ከመነሻው አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ነበረው። ካልገባው እንደገና ያስደግመዋል። ማንበብ አይጠይቅም። በሽታ ሲነሣ ደግሞ ራሱ ወደ ገበሬው ይደውላል።

በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥሪዎች ጎረፉበት። የጤፍ አገር ለሆነው ለግንጪና ለአምቦ ዙሪያ፣ በቆሎ ለሚበቅልበት ለባኮ ይህ ከማንኛውም ሰው መሳይ አሻንጉሊት የሚበልጥ ጎረቤት ነው። ባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለው፤ ሆለታም አለው። ማዕከሉ የሚያወጣው ምክር ግን ወደ ማሳው ይደርስ የነበረው በልማት ሠራተኛው እግር ነው፤ እግሩ ደግሞ ወንዝ ሲሞላ ይቆማል። ድምፁ ግን ተሻገረ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ለመሣሪያው «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ስልኩን ቢዘጉ የዋይዘንባምን ጸሐፊ ታሪክ የሰሙ ሰዎች አይገረሙም።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ነገር እያደገ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ጌትነት አሰፋ ከአሜሪካዊው ተመራማሪ ቤን ገርጸል ጋር አይኮግ ላብስን መሠረቱ። ወጣት ኢትዮጵያውያን ፕሮግራመሮች እዚያ ተቀምጠው በሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ለተሠራች አንዲት ሮቦት የሶፍትዌር ሥራ ይሠሩ ነበር። ሮቦቷ ሶፊያ ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ተበራች፤ በጥቅምት 2017 ሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት ሰጠቻት። ዓለም ስለ ፊቷ ሲያወራ ከአእምሮዋ ከፊሉ በሸገር ልጆች እጅ መሠራቱን ያወቀ ጥቂት ነው።

2010 ዓ.ም. ለአምቦም የማይረሳ ዓመት ነው። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሚያዝያ 3 ቀን ወደ ከተማዋ መጥተው በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ቆሙ። ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ሶፊያ አዲስ አበባ ገባች። ገባች ሲባል ሙሉዋን አይደለም፤ ከአካሏ ክፍሎች የተወሰኑትን የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጠፍቶ የመጀመሪያው መግለጫ ተሰረዘ። የአይኮግ ባለሙያዎች ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ አማርኛ እንድትናገር ሠርተውላት ነበር። ኋላ በመረጃ ቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ላይ ታየች፤ ከጠቅላይ ሚኒስትሩም ጋር ተገናኘች። ፎቶው አገሩን አዳረሰ።

ሮቦት አማርኛ መናገሯ ለአማርኛ ተናጋሪው ትልቅ ደስታ ነበር፤ ደስታው ትክክል ነው። አንድ ቋንቋ ወደ ማሽን አፍ ሲገባ ተናጋሪዎቹ «እኛም አለን» ይላሉ። ይህ ደስታ የአምቦ ልጅም ደስታ መሆን አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ ሶፊያ «አካም ጂርቱ» ስትል መስማትን ይናፍቃል።

ብሪዚል ራሳቸው ከወንጪ ሣጥኖች ሁለት ዓመት በኋላ «ጂቦ» የተባለ የቤት ሮቦት አስተዋውቀው ከሕዝብ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበው ነበር። ጂቦ ክብ ፊቱን እያዞረ የቤተሰቡን አባላት በስም ይጠራ ነበር። ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ኩባንያው ከሰረ፤ በ2019 መጀመሪያ ላይም ጂቦ ራሱ አገልግሎቱ የሚመጣበት ኮምፒውተር ሊዘጋ መሆኑን ለባለቤቶቹ ነግሮ ተሰናበታቸው። ልጆች አለቀሱ። ጓደኛ መስሎ የቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ነገር ሕይወቱ ሩቅ ባለ መሥሪያ ቤት እጅ እንደነበረ ያን ቀን ታወቀ።

ይህ ትምህርት በምዕራብ ሸዋ በ2012 ዓ.ም. በከበደ መንገድ መጣ። በመጋቢት ወር በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋና ትምህርቱ ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዞረ። ሰኔ 22 ቀን የአምቦው ልጅ፣ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም አልተመለሰም። ሃጫሉ የተቀበረው በትውልድ ከተማው ነው። በእነዚያ ቀናት በአምቦ ኀዘንተኛን ያጽናና፣ መርዶ ያደረሰ፣ ለቀስተኛን የተቀበለ ሁሉ ሰው ነበር፤ ድንኳን የተከለው፣ ውሃ የቀዳው፣ ሌሊት አብሮ የተቀመጠው ጎረቤት ነው። ከመረብ ጋር የተሳሰረ ማሽን ሁሉ፣ ብልኁም ሞኙም፣ ዝም ብሎ ነበር። ዛሬ በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጥበት ካምፓስ በሃጫሉ ስም ይጠራል።

በዚያው ዓመት መንግሥት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል አቋቋመ፤ ኋላ ኢንስቲትዩት ሆነ። ማሽንን በአገር ቋንቋዎች ማናገር ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችም የአፋን ኦሮሞን ድምፅና ጽሑፍ ለማሽን የሚያስተምሩ የመመረቂያ ጥናቶችን ሲሠሩ ቆይተዋል። እነዚህ ጥናቶች ጋዜጣ ላይ አይወጡም፣ ፎቶ የሚነሣ ፊትም የላቸውም። አንድ ተማሪ ሺህ ዐረፍተ ነገር በእጁ እየለቀመ፣ የአምቦ ዙሪያ ሰው «ዳቦ» ሲልና የሐረርጌ ሰው ሲል ያለውን ልዩነት እያዳመጠ የሚሠራው ሥራ ነው። አንድ ማሽን ነገ በአፋን ኦሮሞ ቢሰማ የሚሰማው በዚህ ለቀማ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ነገሮች ተከታትለው ሆኑ። በኅዳር ወር የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መረጠ፤ በገደሉ ላይ የገበታ ለሀገር ሎጅ ግንባታም ቀጠለ። በግንቦት ጉግል ወደ መተርጎሚያው 24 አዳዲስ ቋንቋዎች ሲጨምር አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ገቡበት፤ አማርኛ የገባው ከስድስት ዓመት በፊት ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ 200 ቋንቋ የሚተረጉም ሥርዓት ይፋ አደረገ። በዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ኦሮምኛ ብቻ አይደለም፤ «ምዕራብ ማዕከላዊ ኦሮምኛ» ይላል። ይህ የአምቦ፣ የጌዶ፣ የባኮ ሰው አንደበት የሚመደብበት ስም ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022፣ እንደ ሰው የሚመላለሰው ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ተከፈተ። የዋይዘንባም ኢላይዛ በ56 ዓመቷ የልጅ ልጅ አየች። ዛሬ በአምቦ ካፌ የተቀመጠ ተማሪ የቤት ሥራውን፣ የፍቅር ነገሩን፣ የሥራ ማመልከቻውን ይጠይቀዋል። በእንግሊዝኛ ሲጠይቀው ቀልጠፍ ይላል፤ በአማርኛ ይሞክራል፤ በአፋን ኦሮሞ ብዙ ጊዜ ይንገዳገዳል። ልጁ የልቡን ነገር በአንዱ ቋንቋ አስቦ በሌላው ይጽፋል፤ ሲተረጉም ከልቡ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ማሽኑ ደግሞ የደረሰውን ግማሽ ሙሉ አድርጎ ይወስደዋል።

በ2004 ዓ.ም. ሣጥኑን የከፈቱት የወንጪ ልጆች ከአራት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያሉ ነበሩ። ዛሬ ትንሹ አሥራ ስምንት አልፎታል፤ ትልቁ ሃያ አምስት ገደማ ነው። በሐይቁ ዳር ጎብኚ በፈረስ የሚያወርዱ የዕድሜ እኩዮቻቸው ስልክ ይይዛሉ። ከስልኩ የቋንቋ ዝርዝር ላይ ጣት ወደ ታች ሲንሸራተት «ኦሮሞ» የሚለው ስም ይመጣል፤ ሲነኩትም በቁቤ ይጻፋል፤ «ኤክስ» በዚያ «ጥ» ናት።